የዲዮራማ ውድድራችን፦ «ከውጊያው በፊት ወይም በኋላ» (ደንብ፣ ሐሳብና ክርክር)

ቆርቆሮ_ወታደር (አወያይ) · ቨርጂንያ

ሰላም ቤተሰብ። የዘንድሮው የዲዮራማ (በትናንሽ ቅርጾች የሚሠራ ትዕይንት) ውድድራችን ደንብ ይኸውና። ርዕሱ «ከውጊያው በፊት ወይም በኋላ» ነው። ሰይፍ የተማዘዘበት፣ ጥይት የሚተኮስበት፣ ፈረስ ሽምጥ የሚጋልብበት ትዕይንት ዘንድሮ አይገባም።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ባለፈው ውድድር ከቀረቡት ሥራዎች ብዙዎቹ የጨበጣ ውጊያ ነበሩ። ቀለማቸው ያማረ፣ ልፋታቸው የሚታይ ነው፤ ግን ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ዓይን ማረፊያ ያጣል። እስካሁን በየውይይቱ የምትነሳው ያቺ ትንሿ ሥራ ናት፦ አንድ አሽከር የበቅሎዋን የፊት እግር በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ከሰኮናዋ ጠጠር ሲያወጣ። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋለች፣ ሰውየው ከንፈሩን ነክሷል። አንድ ሰውና አንዲት በቅሎ ብቻ። ጦርነት መኖሩን የምናውቀው ከኮርቻው ጎን ከተሸጎጠው ጎራዴ ነው። እኔ ከዲዮራማ የምፈልገው ይህን ነው፤ አንዲት ቅጽበት ተመርጣ ሌላው ሁሉ የተተወበትን ሥራ።

ደንቡ አጭር ነው። መሠረቱ በየትኛውም ጎን ከ30 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የቅርጾቹ መጠን እንደ ፍላጎታችሁ ነው፤ 54 ሚሊ ሜትር ቁመትም፣ 1/72ም (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ)፣ ጠፍጣፋው የጀርመን ቆርቆሮም ይገባል። የድሮ አሻንጉሊት ወታደሮችን (የብሪቴይንስ፣ የሊኔኦል፣ የኤላስቶሊን ኩባንያዎች ሥራ) ቀለማቸውን ሳትነኩ የምታቀርቡ ለብቻችሁ ምድብ አላችሁ።

ዳኝነቱ እንደ ቺካጎዎቹ የወታደር ቅርጽ ሠሪዎች ማኅበር ክፍት ነው። አንዳንድ ማኅበራት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለው ይሸልማሉ፤ እኛ ግን ሥራውን ከጎረቤቱ ጋር አናወዳድርም። ወርቅ የሚገባቸው 5 ሰዎች ካሉ 5ቱም ወርቅ ይወስዳሉ፤ ማንም ካልደረሰበት ወርቁ ሳይሰጥ ይቀራል። ዳኞች መጀመሪያ የሚጠይቁት «እዚህ ምን እየሆነ ነው?» ብለው ነው። የቀለም ቅቡ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሳባችሁን እዚሁ ጣሉ፤ ክርክርም ካለ እዚሁ።

ሶሎዳ_72 · አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ርዕሱን ወድጄዋለሁ። 30 ሴንቲ ሜትሩ ግን አልተዋጠልኝም። እንደምታውቀው ዓድዋን በ1/72 ጀምሬ ከ400 በላይ ወታደር ቀብቻለሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእኛ በኩል ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራዊት፣ በጣሊያን በኩል 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ተሰልፏል። አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳ፣ ኤሌና፤ አራት ብርጌድ። ከእኛ ወገን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የራስ መኮንን፣ የራስ ሚካኤል፣ የራስ መንገሻ፣ የራስ አሉላ ጦር። ይህን ሁሉ ትቼ ሁለት ሰው ላቁም?

ዓድዋ ላይ ብዛቱ ራሱ ታሪክ ነው። ሕዝብ ከየአገሩ የተመመበት ቀን ነው። የሰው ማዕበል ያላሳየ የዓድዋ ዲዮራማ ምኑን አሳየ?

ቆርቆሮ_ወታደር (አወያይ) · ቨርጂንያ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ስሌቱን ግን አብረን እንየው። በ1/72 አንድ ኪሎ ሜትር ወደ 14 ሜትር ይሆናል። ከኪዳነ ምሕረት እስከ ማርያም ሸዊቶ ያለው ሜዳና ተራራ ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። የስብሰባ አዳራሽ ብንከራይም አይበቃንም። ስለዚህ በ1/72 ዓድዋን የሚሠራ ሰው፣ 400 ወታደር ቢያቆምም፣ አንዲት ጥግ መርጧል ማለት ነው። የእኔ ጥያቄ «የትኛዋን ጥግ?» የሚል ነው። 400ውን ሰው አንድ ገደል ላይ ስታሰፍር ከርቀት ማዕበል ይመስል ይሆናል፤ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን አንድም ፊት ይዞ አይሄድም።

አዜብ_ለንደን

ስለ ብዛት ከተነሳ የሳይቦርንን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ለንደን የምትኖሩ ወይም ለጉብኝት የምትመጡ፣ ቼልሲ ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ገብታችሁ የዋተርሉን (ናፖሊዮን የተሸነፈበትን ውጊያ) ሞዴል እዩት። እኔ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር ይዤ እሄዳለሁ።

ዊልያም ሳይቦርን የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 የዋተርሉን ጦርነት በሞዴል እንዲሠራ ሥራው ተሰጠው። ሰውየው ቢሮ ተቀምጦ ካርታ አልገለበጠም። ውጊያው ከተካሄደበት ሜዳ መሃል፣ ላ ሄ ሴንት በምትባለው የእርሻ ግቢ 8 ወር ተቀምጦ እያንዳንዱን ጉብታ ለካ። ከዚያ ከውጊያው ለተረፉት መኮንኖች የጥያቄ ደብዳቤ በተነላቸው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ክፍልህ በትክክል የት ነበር? ፊት ለፊትህ የነበረው ጠላት እንዴት ተሰልፎ ነበር? የቆምክበት መሬት ላይ ምን ሰብል ነበረበት? ሰብሉን ሳይቀር! ዛሬ ዲዮራማ የምንሠራ ሰዎች «ጥናት» የምንለው ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

የተሠራው ሞዴል ከ70,000 በላይ ደቃቃ የብረት ቅርጾች አሉት፤ አንዱ ቅርጽ ቁመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ገበታው 8 ሜትር በ6 ሜትር ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1838 ለንደን ፒካዲሊ በነበረው ኢጂፕሺያን ሆል ሲታይ ወደ 100,000 ሰው ገብቶ እንዳየው ይነገራል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሳይቦርን የመረጠው ቅጽበት የናፖሊዮን ዘበኞች የመጨረሻውን ጥቃት ያደረጉበትን ነው። በዚያ ሰዓት የእንግሊዞቹ አጋር የሆኑት ፕሩሲያኖች በፈረንሳዮቹ ቀኝ በኩል ፕላንስንዋ መንደር ደርሰው እየተዋጉ ነበር። ደብዳቤዎቹ የነገሩትን ተከትሎ 48,000 ፕሩሲያኖችን የሚወክል ሠራዊት በሞዴሉ ላይ አሰለፈ። ይህ የእንግሊዙን አዛዥ ዌሊንግተንን አላስደሰተም፤ ድሉ የእንግሊዝ ነው የሚለውን ትረካ ያደበዝዛልና። መንግሥትም ገንዘቡን አቋረጠ፤ ሳይቦርን ተበድሮ ጨረሰው። በመጨረሻም ግፊቱ በዝቶበት ወደ 40,000 የሚጠጉትን ፕሩሲያኖች ከገበታው አነሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1849 ሲሞት ከሞዴሉ ያተረፈው ገንዘብ አልነበረም።

እስቲ አስቡት፤ 70,000 ቅርጽ ተደርድሮ ሰው እስከ ዛሬ የሚከራከረው በአንዲት ሰዓትና በአንድ ጥግ ላይ ነው። ማን እዚያ ቆሞ ነበር? ማን እንዲነሳ ተደረገ? ሶሎዳ፣ ወንድሜ፣ የአንተንም 400 ወታደር የሚዳኘው ሰው የሚጠይቅህ ይህንኑ ነው።

ሶሎዳ_72 · አዲስ አበባ

እህት አዜብ፣ የሳይቦርንን ታሪክ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ የለም፤ አመሰግናለሁ። ግን ከራስሽ ጽሑፍ ልነሳ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ፒካዲሊ የጎረፈው ሞዴሉ ትልቅ ስለነበረ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ማን ይሰለፍለት ነበር?

አዜብ_ለንደን

ትክክል ነህ፣ ትልቅነት ሰው ይጠራል። የመጣውን ሰው ምን ያቆየዋል ነው ነገሩ። ሙዚየሙ ውስጥ ቆሜ ጎብኚዎችን አያለሁ፤ መጀመሪያ ዙሪያውን ይዞራሉ፣ ከዚያ ሁሉም አንዲት ቦታ ላይ ጎንበስ ይላሉ። ሰው ሲያይ የሚፈልገው ሰው ነው።

ዚን_ባየርን · ኑረምበርግ

ከጀርመን ትንሽ ልጨምር። ኩልምባህ ከተማ ፕላሰንቡርግ የሚባል አምባ አለ፤ የቆርቆሮ ቅርጾች ሙዚየሙ እዚያ ውስጥ ነው። ከ300,000 በላይ ቅርጽ፣ ወደ 150 ዲዮራማ። ትልቁ ብቻውን ከ19,000 በላይ ቅርጽ ይዟል፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1553 ስትጠፋ የሚያሳይ ነው። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ የጠፍጣፋ ቅርጽ ገበያ ይቆምበታል፤ ሰብሳቢው ከዓለም ዙሪያ ይመጣል።

ስለ ጠፍጣፋዎቹ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለዚህ ውድድር ይጠቅማል። 30 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ ውፍረታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው። ከፊት ስታያቸው ሙሉ ሰው ናቸው፤ ከጎን ስታያቸው መስመር። ስለዚህ ሠሪው ተመልካቹ የት እንደሚቆም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ጥላው ሁሉ በብሩሽ የተቀባ ነው፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣም አስቀድሞ ይወሰናል። ይህ ገደብ የሚያስተምረው ነገር አለ። ባለ ሙሉ አካል ቅርጽ የምትጠቀሙም ብትሆኑ «ሰው ከየት በኩል ያየዋል?» ብላችሁ ጀምሩ። ከአራቱም ጎን እኩል የሚታይ ዲዮራማ ልሥራ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ከአንዱም በኩል ጥሩ አያደርገውም።

በሳጥን ውስጥ የሚሠራውን ዓይነትም አትርሱ። አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፈው፣ በዚህ የሚስተካከለው አልነበረም። ፊቱ መስኮት፣ ውስጡ የራሱ መብራት፤ ተመልካቹ ሠሪው ከፈቀደለት በቀር ሌላ ማየት አይችልም።

የልጅነት_ሳጥን · ዋሽንግተን ዲሲ

ልጆቼ፣ ስለ አሮጌዎቹ አሻንጉሊቶች ምድብ ልጻፍ። የእኔ ነገር እሱ ስለሆነ።

የብሪቴይንስን ወታደር በእጃችሁ ይዛችሁ ከሆነ ቅለቱን ታውቁታላችሁ። ዊልያም ብሪቴይን ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1893 ያመጣው ዘዴ ነው፦ የቀለጠው እርሳስ ቅርጹ ውስጥ ይፈስና ውጪው እንደረጋ መሃሉ ወዲያው ተመልሶ ይደፋል። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብረት ይቆጥባል። በዚህም ከጀርመን ይመጣ ከነበረው ድፍን ወታደር ረክሶ ገበያውን ወሰደ። 54 ሚሊ ሜትርም መለኪያ ሆኖ የቀረው በዚያው ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ይኸው ኩባንያ የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛና የኢትዮጵያ ተዋጊዎችን ሠርቶ ለገበያ አወጣ፤ የጣሊያን እግረኛም አብሮ ወጣ። የለንደን ልጅ ጋዜጣው ላይ ያየውን ጦርነት ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ ይጫወት ነበር። ከቀዩ ሳጥናቸው ጋር የተገኙት ዛሬ ብርቅ ናቸው። እኔ የእነሱ ፍቅር የያዘኝ በሌላ ምክንያት ነው። እነዚያን ወታደሮች የቀቡ ሠራተኞች ኢትዮጵያን በዓይናቸው ያዩ አይመስለኝም፤ ግን የእኛ ሰው ከእንግሊዙ ዘበኛ እኩል ቁመትና እኩል ቀጥ ያለ ጀርባ ተሰጥቶት መደርደሪያ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የድሮ ቀለም አትንኩ። ተልጦም ቢሆን ይቆይ። እንደገና የተቀባ የድሮ ወታደር ታሪኩን ያጣል፣ ዋጋውንም ያጣል።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ ማስቀመጫ ነው። የእርሳስ ወታደር የኦክ እንጨት ቁም ሳጥን ውስጥ አታስገቡ። እንጨቱ የሚያወጣው የአሲድ ትነት እርሳሱን ይበላዋል፤ መጀመሪያ እግሩ አካባቢ ግራጫ ዱቄት ታያላችሁ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ይሰበራል። አዲስ ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍም ያው ናቸው። ብርጭቆና ብረት ይሻላል፤ አየርም ይግባበት። የዲዮራማችሁን መሠረት ከእንጨት የምትሠሩ በደንብ ሸፍኑት፤ አለበለዚያ ለውድድሩ ብላችሁ ወታደሮቹን ትገድሏቸዋላችሁ። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ የእርሳሱ ነገር በራሱ አደገኛ ነው፤ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

ቆርቆሮ_ወታደር (አወያይ) · ቨርጂንያ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ የሚያብረቀርቅ የድሮ ወታደር እውነተኛ በሚመስል አፈርና ሣር ላይ ሲቆም ዓይን አይቀበለውም። በእርስዎ ምድብ መሬቱ ምን ይሁን ይላሉ?

የልጅነት_ሳጥን · ዋሽንግተን ዲሲ

አሻንጉሊት አሻንጉሊት ይምሰል። መሬቱ አንድ ወጥ አረንጓዴ ቀለም ይሁን፣ ዛፉም የልጅ ዛፍ ይሁን። ታሪኩን በአሰላለፍ ይናገሩ። 8 የክብር ዘበኞች ቀጥ ብለው ተሰልፈው፣ ከኋላ አንድ ቦታ ክፍት ቢተው፣ የጎደለውን ሰው ያየ ሁሉ ይጠይቃል። ይህም «ከውጊያው በኋላ» ነው።

ጥለት_ነታንያ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ አዲስ ነኝ። ጋሼ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የኔ ሐሳብ የዓድዋ ሴቶች ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ሴቶቹን በእንስራ ውኃ እያስቀዱ ለተዋጊውና ለቁስለኛው እንዲያደርሱ አድርገዋል። ቀደም ብሎም መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ ጣሊያኖቹ የተሸነፉት ምንጩ በመያዙ ነው፤ ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ውኃ የጦርነቱ አንድ ክፍል ነበር። አንዲት ሴት እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ግራር ሥር ለተቀመጠ ቁስለኛ ስታጠጣ መሥራት እፈልጋለሁ። በ54 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ቅርጽ።

ችግሬ ነጭ ነው። ነጠላውን ስቀባው ጀሶ ይመስላል። ጨርቅ አይመስልም። ምን ላድርግ?

ቆርቆሮ_ወታደር (አወያይ) · ቨርጂንያ

እንኳን ደህና መጣሽ። ሐሳብሽ በጣም ጥሩ ነው፤ እንደዚሁ ጠብቂው፣ ሦስተኛ ሰው አትጨምሪበት።

ነጭን በነጭ አትጀምሪው። መነሻው ወደ ቡኒ ያዘነበለ ፈዛዛ ግራጫ ይሁን። እጥፋቱ ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ያለበት ግራጫ በጣም ቀጭን አድርገሽ አስገቢ። ከዚያ ደረጃ በደረጃ አፍኪው፤ ንጹሑን ነጭ ትከሻውና የእጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ፣ ያውም በብሩሽ ጫፍ። ሰው ሲያየው ሙሉ ነጠላው ነጭ ነው ይላል።

ጨርቁን ራሱን ከቅርጹ ጋር ከተፈለፈለው አትጠብቂ። ሶፍት ውሰጂ፣ ከድርቡ አንዷን ስስ ገጽ ብቻ ለይተሽ አውጪ። ኮላ በውኃ አቅጥነሽ ንከሪያትና ቅርጹ ላይ ጣል አድርጊያት። በእርጥብ ብሩሽ እጥፋቱን አስተካክዪ፤ ወረንጦ ከተጠቀምሽ ይቀደዳል። ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት እንደ ቆዳ ይጠነክራል። ከዚያ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ መነሻ ቅብ)፣ ከዚያ ቀለም። ቁስለኛው ጃኖ የለበሰ ከሆነ ቀዩን ጥለት መጨረሻ ላይ ቀቢው፤ እጥፋቱ ውስጥ ሲገባ መስመሩ ይሰበር፣ ጥላው ውስጥ ቀዩ ይጥቆር። ቀጥ ያለ መስመር ከሠራሽ ያ ሁሉ ልፋት ተመልሶ ጀሶ ይሆናል።

ሶሎዳ_72 · አዲስ አበባ

እህቴ ጥለት፣ እኔም ልጨምርልሽ። ያ ሠራዊት ከጥቅምት እስከ የካቲት በእግር የመጣ ነው። የነጠላው ጫፍና የሱሪው ጉልበት የመንገድ አቧራ ይያዝ። የሴትየዋ እግር ባዶ ይሁን፤ ተረከዟ የአፈሩን ቀለም ይዞ።

መሬቱን በተመለከተ ወሩ የካቲት ነው። ሣሩ ቢጫ እንጂ አረንጓዴ አይደለም። አፈር በወንፊት ነፍተሽ፣ ምድጃ ውስጥ አድርቀሽ ተጠቀሚ፤ ካልደረቀ፣ ውሎ አድሮ ይሻግታል። ግራሩ ሥር ጥላ ስላለ እዚያ ያለው ሣር ትንሽ ይለያል። ቁልቋል ከኤፖክሲ (ተቦክቶ የሚጠነክር ሊጥ) በቀላሉ ይወጣል። ባሕር ዛፍ ግን እንዳታቆሚ! በዚያ ዘመን ዓድዋ ሜዳ ላይ ቦታ የለውም።

የቁስለኛው ጠመንጃ ውጅግራ ወይም ስናድር ቢሆን ያምራል። ጋሻውን አጠገቡ መሬት ላይ አስቀምጪው፣ ፊቱ ወደ ላይ።

መቅደላ_አራዳ · ዱባይ

እኔ ሴባስቶፖልን ማምጣት እፈልጋለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያስቀለጡት መድፍ፣ ወደ 7 ቶን። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ በተራራና በገደል በሰው ጉልበት ተጎትቷል፤ ወራት ፈጅቷል። ከመቅደላ ጦርነት በፊት ነው፤ ይገባል?

ቆርቆሮ_ወታደር (አወያይ) · ቨርጂንያ

ይገባል። ግን ጎታቾቹን ሁሉ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አታሳይ። ገመዱ ተወጥሮ ከመሠረቱ ጫፍ ይውጣና ይቆረጥ፤ ከጫፉ ወዲያ ያሉትን ሰዎች ተመልካቹ ራሱ ይቀጥላቸዋል። አንተ ከመንኮራኩሩ ሥር ድንጋይ የሚሸጉጠውን ሰው ሥራ።

ካኘው_54 · ዳላስ

እኔ ኮሪያ ነኝ፣ ቃኘው ሻለቃ። ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር የተዋጉት። ዕቃው ሁሉ አሜሪካዊ ስለሆነ ቅርጽ ማግኘት ቀላል ነው፤ ከባዱ ፊቱ ነው። ገበያ ያለው ጭንቅላት ሁሉ የአውሮፓ ፊት ነው፤ ቀለሙን ማጥቆር ብቻውን ሰውየውን ኢትዮጵያዊ አያደርገውም። አፍንጫውንና ጉንጩን በኤፖክሲ እንደገና እያነጽኩ ነው። ትዕይንቱ ከቅኝት የተመለሰ ጓድ በረዶ ላይ እሳት ሲሞቅ። ፎቶ በቅርቡ።

ሶሎዳ_72 · አዲስ አበባ

ስንከራከር ቆይተን አንድ ሐሳብ ይዤ መጣሁ። 400ዎቹ ወታደሮቼ ለሌላ ገበታ ይጠብቁ።

የካቲት 23፣ ገና ሊነጋ ሲል። ጄኔራል አልቤርቶኔ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቲየሪ የሰጠውን ንድፍ ካርታ ይዞ ቆሟል። ካርታው ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለው ኮረብታ አንድ ነው፤ የአገሬው ሰው በዚያ ስም የሚጠራው ኮረብታ ደግሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደፊት ነው። መንገድ መሪው እጁን ዘርግቶ ወደፊት ያመለክታል። አልቤርቶኔ ወደዚያ ሄደ፤ ብርጌዱ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ገባ፣ እሱም ተማረከ። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ እዚያው ቀሩ።

አራት ቅርጽ ይበቃኛል፦ ጄኔራሉ፣ ፋኖስ የያዘ መኮንን፣ መንገድ መሪው፣ አንድ አስካሪ (ለጣሊያን የተሰለፈ የኤርትራ ወታደር)። የኢትዮጵያ ወታደር አንድም አይታይም። ግን ዓድዋ ነው። ሁሉም የሚሆነው ያ የተዘረጋ ጣት ወደሚያሳይበት ስለሆነ፣ መሠረቱን ከዚያ በኩል ቁልቁል ቆርጬ ባዶ እተወዋለሁ።

አዜብ_ለንደን

ይህን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። የፋኖሱ ብርሃን ካርታው ላይ ይረፍ እንጂ ጄኔራሉ ፊት ላይ አይድረስ።

ታርቡሽ_ስቶክሆልም

ሶሎዳ፣ ሐሳብህ ግሩም ነው። አስካሪውን ስትሠራ ልረዳህ እችላለሁ፤ የእናቴ አያት አስካሪ ነበሩ። ቀይ ታርቡሽ (ቆብ)፤ የዘርፉ ቀለም እንደ ሻለቃው ይለያያል፣ መቀነቱም እንዲሁ። ልብሱ ነጭ ነው። ጠመንጃው ቬተርሊ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ግን ላንሳ። ርዕሱ «ከውጊያው በኋላ» ይላል። ከዓድዋ በኋላ የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል፤ ብዙ መቶ ሰዎች። በእኛ ቤት ይህ ታሪክ በዝግታ ነው የሚነገረው። በዚህ ውድድር ላይ አንድ ሰው ይህን ቢሠራ ትቀበሉታላችሁ? ወይስ እንደ ሳይቦርን ፕሩሲያኖች ይነሳል?

የልጅነት_ሳጥን · ዋሽንግተን ዲሲ

ልጄ፣ ጥያቄህ ልቤን ነካው። እኔ በዳኝነት ብቀመጥ እቀበለዋለሁ። ዓድዋን የምንወድ ሰዎች የቀኑን ኩራት ብቻ ሳይሆን የማግስቱንም ሐዘን መሸከም እንችላለን። ሰውየው ግን በሰውነቱ ይታይ። ደም ለማሳየት ብቻ የተሠራ ከሆነ አልወደውም።

ቆርቆሮ_ወታደር (አወያይ) · ቨርጂንያ

በጋሼ ቃል እስማማለሁ፤ በደንቡም ላይ እጨምረዋለሁ። እውነት የሆነ ነገር በርዕሱ ምክንያት ከውድድሩ አይወጣም። ማንኛችንም የማንንም ወታደር ከገበታ ላይ አናነሳም። ታርቡሽ፣ አንተ ራስህ ብትሠራው ደስ ይለኛል፤ ፈቃድህ ከሆነ ከውድድሩ ውጪ በግል እንነጋገር።

ታርቡሽ_ስቶክሆልም

እሠራዋለሁ። መቁረጡን አላሳይም። አንድ ሽማግሌ አስካሪ አሥመራ በቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ልጅ ልጁ ታርቡሹን ራሷ ላይ አድርጋ ስትስቅ። ክራንቹ ግድግዳውን ተደግፎ።

ጥለት_ነታንያ

የሶፍቱን ነገር ዛሬ ሞከርኩት፣ ሠርቷል! ጠዋት እንዳላችሁት ጠንክሮ ነበር። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፎቶው ስንት ይሁን? በስልክ ማንሳት ይቻላል?

ቆርቆሮ_ወታደር (አወያይ) · ቨርጂንያ

በስልክ ይቻላል። 4 ፎቶ ላኪ፦ አንዱ ሙሉ ሥራው ከነመሠረቱ፣ አንዱ በቅርጾቹ ዓይን ከፍታ፣ አንዱ ፊታቸውን ከቅርብ፣ አንዱ ከላይ። በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አንሺው፤ የስልኩን ፍላሽ አጥፊ፣ ቀለሙን በመተግበሪያ አታስተካክዪ። ከበስተጀርባ ግራጫ ወረቀት በቂ ነው። ከሥራው ጋር ከሦስት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ መግለጫ ጨምሪ፤ ዳኞች የሚያነቡት ግን ሥራውን አይተው ከጨረሱ በኋላ ነው። መቀበያው ከፋሲካ ማግስት ይዘጋል።